መልስ፦ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅኝቶች ለምን አይገጥሙም?

ወንድሜ፣ በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን ቃኝተህ፣ እያንዳንዱን የነጥብ ደመና (ቅኝቱ የሰጠህን የሦስት አቅጣጫ ነጥቦች ስብስብ) ከቀዳሚው ጋር ስታገጥም የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም እንዳለህ ጽፈሃል። በየጥንዱ የሚቀረው ጥቂት ስህተት እየተደመረ ሄዶ ዙሪያው ሲዘጋ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድነት ማስተካከል ይኖርብሃል። የነጥብ ደመናን ለማቀናበር ከተሠራው ከፖይንት ክላውድ ላይብረሪ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣው «ሉም» የተባለው ትእዛዝ ሉ እና ሚሊዮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ዘዴ ይሠራል፤ ተደራራቢ ቅኝቶችን እንደ አንድ መረብ ይዞ ስህተቱን ለሁሉም ያከፋፍላል።

ደመናዎቹ ግን አስቀድመው በግምት ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። የርቀት ገደቡን፣ ማለትም የሁለት ደመናዎች ነጥቦች እንደ ተጓዳኝ የሚቆጠሩበትን ከፍተኛ ርቀት፣ በሰፊው ጀምርና እያጠበብክ ድገመው። ውጤቱን በዚያው የፋይል ስም ስለሚጽፍ ከሌላ አቃፊ አስነሣው፤ ዋናው ቅኝት እንዳይጠፋብህ።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ግድግዳ ነው። ልሙጥ ክብ በራሱ ላይ ቢሽከረከርም ያው ክብ ነው፤ ደመናው ተንሸራቶ እንኳ የስህተቱ መጠን ትንሽ ሆኖ ይታያል። መሽከርከሩን የሚያግዱት የአራት ማዕዘኑ መቅደስ ውጫዊ ጠርዞችና የበሮቹ መቃኖች ናቸው። በየቅኝቱ ቢያንስ አንዱ መግባቱን አረጋግጥ፤ ካልገባ ካህናቱን አስፈቅደህ ከበሮቹ ፊት ለፊት ጨምረህ ቃኝ።