«ዶምዬ በሳንሱር ታሰረ» ይባላል?

ጥያቄ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የፕሬስ አፈናን ለሚነቅፉ የካርቱን ሥዕሎች መግለጫ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ኦኖሬ ዶምዬ በሳንሱር ታሰረ» የሚለውን አርታኢዬ አልተቀበሉትም። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ናቸው። ሳንሱር ሥራው ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 «የቅድሚያ ምርመራ» ብሎ የከለከለውም ይህንኑ ነው። ዶምዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ጋርጋንቱዋ (በፈረንሳዊው ደራሲ ራብሌ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ሆዳም ግዙፍ) አድርጎ የሣለው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ንጉሡ ግዙፍ ሆኖ ተቀምጧል፤ ተሸካሚዎች ከመሬት እስከ አፉ በተጋደመ ሳንቃ ላይ እየወጡ በቅርጫት የተሞላ ገንዘብ ያጎርሱታል። ያን ጊዜ ሥዕልን አስቀድሞ የሚመረምር አልነበረም፤ የ1830ው ቻርተር (የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት) ሳንሱር ዳግም እንዳይመለስ ደንግጓል። ሥዕሉ የተያዘው ከታተመ በኋላ ነው፤ ሠዓሊው ተከሶ ስድስት ወር ተፈረደበትና በ1832 ወኅኒ ወረደ። ስለዚህ «ንጉሡን በሥዕል ዘልፈሃል ተብሎ ታሰረ» ብለው ይጻፉ። የንጉሡ ፊት ደረጃ በደረጃ ፒር የተባለውን ፍሬ ሲመስል ችሎት ፊት ሥሎ ያሳየው የካርቱን ጋዜጣ አሳታሚው ሻርል ፊሊፖንም የተቀጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስድስት ወር እስርና 2,000 ፍራንክ።

«ሳንሱር» ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው ከሴፕቴምበር 1835 ወዲህ ነው። በንጉሡ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የወጣው ሕግ ሥዕል ሳይፈቀድ እንዳይታተም አዘዘ፤ ጽሑፍን ግን በቅድመ ፈቃድ አላሰረም። የመንግሥት ክርክር ሥዕል ሐሳብ ሳይሆን ድርጊት ነው የሚል ነበር። ፍርሃቱ ግልጽ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም የሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አይቶ ይረዳል። እንግዲህ ከ1835 በኋላ ላለው ጊዜ «ጋዜጣው ሳንሱር ተደረገ» ሳይሆን «ሥዕሎቹ» ይበሉ። የፊሊፖን ጋዜጣ «ላ ካሪካቱር» ሕጉ ሊወጣ ሲል ራሱ ስላቆመ «ታገደ» አይባልም፤ «መታተም አቆመ» ነው። ቅድመ ፈቃዱ በየጊዜው እየተነሣ እየተመለሰ ቆይቶ ለሥዕል የተሻረው በ1881 ነው።

የአንድሬ ዢልን የ1874 ሥዕል ከጨመሩ፣ ሳንሱርን ትልቅ መቀስ የያዘች አሮጊት አድርጎ የሣለው ነው። «ወይዘሮ አናስታዚ» ይበሏት፤ ግሱን ግን በአንቱታ አያድርጉት። «መቀስ ይዘዋል» ካሉ ሠዓሊው የነሳትን ክብር እርስዎ መለሱላት ማለት ነው፤ «ይዛለች» በቂ ነው። መቀሱ ግን ለግሱ እንዳያሳስትዎ፤ ፈቃድ የተነፈገው ሥዕል «ተከለከለ» እንጂ «ተቆረጠ» አይባልም።