መልስ፦ ዝናብ ሲይዝ ወደ አባይ ማዶ እንዴት ይገባል?

እህቴ፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣሽ። ልክ 11፡30 ከቢሮ ስትወጪ ዝናቡ እየያዘሽ አባይ ማዶ መግባት እንደቸገረሽ ጽፈሻል። እኔም በዚያው መንገድ ነው የምመላለሰው።

ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ ናቸው። ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ ዘንባባዎቹን ማወዛወዝ ሲጀምር ካየሽ አትቸኩዪ። ከባዱ የመጀመሪያው ዶፍ ነው፤ አንዳንዴ በረዶም ይቀላቀልበታል። ቢሮሽ ውስጥ ቆይተሽ ጋብ ሲል ውጪ። ዛፍ ሥር ግን በጭራሽ እንዳትጠለዪ፣ መብረቅ አለ።

ባጃጅ ካገኘሽ ዋጋውን ሳትገቢ ተነጋገሪ። ከተቻለሽ መሐል ተቀመጪ። ዳር ያለው ሰው የላስቲክ መጋረጃውን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ጉልበቱ ይበሰብሳል።

በእግር ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። መብረቁ ሳያልፍ አትጀምሪው፣ መሐል ላይ መጠለያ የለም። ጃንጥላም ነፋሱ ይገለብጥብሻል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ውሃ የተኛበትን የመንገድ ዳር አትርገጪ። ባልደረባዬ ባለፈው ክረምት ጎርፉ የሸፈነው ክፍት ቱቦ ውስጥ ገብታ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ሁለት ሳምንት ተኝታለች። ሌሎች የሄዱበትን እያየሽ ተከተዪ።