ፖርትሬት ለማንሳት የቱን ሌንስ ልግዛ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ፖርትሬት (የሰው ፎቶ) ሌንስ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ጎርፍ መጣ። ደስ ብሎኛል። ሰርግ፣ ምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ በማንሳት ብዙ ዓመት ስለቆየሁ አብዛኛው የምነግራችሁ ገዝቼ ወይም ተውሼ ከሠራሁበት ዕቃ የተማርኩትን ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ "የቱ ሌንስ ይሻላል?" ነው ያላችሁት። እኔ ግን ሌንስ ልግዛ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የምታነሳው የት ነው? ከሰውየውስ ስንት ሜትር ርቀህ መቆም ትችላለህ? ይህ ነገር ከታች ደጋግሞ ይመጣባችኋል። ለአዲሶች፦ 35፣ 50፣ 85 የምንለው የሌንሱን ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፣ የሚያሳየው ግን ይጠባል። 18-55 ሲባል ከ18 እስከ 55 የሚሳብ ነው። 1.4፣ 1.8፣ 2.8 የምንለው ደግሞ አፐርቸሩ ነው፣ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከኋላ ያለውም ይበልጥ ይደበዝዛል።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ካኖን 2000ዲ አለኝ፣ አብሮት ከተሸጠው ከ18-55 ኪት ሌንሱ ጋር። ባክግራውንዱ ብለር (ድብዝዝ) አልሆን አለኝ። 50 ልግዛ ወይስ 85?

መልስ፦ 50ውን ግዛ፣ 1.8ቱን። ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ ነው፣ ክሮፕ የምንለው ዓይነት። በካኖን ክሮፕ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 ታባዛለህ። ስለዚህ 50ው ላንተ እንደ 80 ነው፤ ለፊት የተመቸ ልክ። 85ቱ ግን 136 ይሆንብሃል። ቁጥሩን ተወውና በሜትር እናስበው። ካሜራውን በቁመቱ ይዘህ አንድን ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ለማንሳት በ50ው 4 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይበቃሃል። በ85ቱ ከ7 ሜትር በላይ ትሄዳለህ። ሳሎንህ 7 ሜትር አለው? የአብዛኞቻችን የለውም። ጀርባህ ግድግዳ ነክቶ ሰውየው አሁንም ፍሬም ውስጥ አልገባ ሲል ያኔ ነው የምትቆጨው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ደግሞ ዛሬውኑ ይህን ሞክር። ኪት ሌንስህን እስከ 55 ሳበው። ሰውየውን ከግድግዳው አላቀህ 4 ወይም 5 ሜትር ወደ ፊት አምጣው። አንተ ቅረበው። ብለር ከአፐርቸር ብቻ አይመጣም፤ ከኋላ ያለው ነገር ከሰውየው በራቀ ቁጥርም ይጨምራል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመን ሰው በ1.4 ብታነሳው እንኳ ግድግዳው አይጠፋልህም። ይህን ከሞከርክ በኋላ 50ውን ግዛ። በፈረንጆቹ 2015 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 125 ዶላር ነበር፣ ክብደቱም 160 ግራም ብቻ ነው። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ቀረብ ብዬ ሳነሳ የሰው አፍንጫ ትልቅ ይሆንብኛል። እህቴ "ይቺ እኔ አይደለሁም" ብላ ፎቶውን አስጠፋችኝ። ችግሩ ሌንሱ ነው?

መልስ፦ እህትሽ እውነቷን ነው፤ ሌንሱ ላይ ግን አትፍረጂ። ፊትን የሚያዛባው የቆምሽበት ርቀት ነው። አፍንጫ ከጆሮ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀድማል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫዋ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ጆሮዋ 50 ላይ ነው። ያን ጊዜ አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንፃር በሩብ ያህል ገዝፎ ይታያል። 2 ሜትር ብትርቂ ግን አፍንጫው 200፣ ጆሮው 210 ላይ ነው፤ ልዩነቱ 5 በመቶ ብቻ፣ ዓይን ልብ አይለውም። ረጅም ሌንስ ፊት ያሳምራል የሚባለው ወደ ኋላ እንድትሄጂ ስለሚያስገድድሽ ነው።

ካላመንሽኝ እህትሽን መስኮት አጠገብ አስቀምጫት። መጀመሪያ በ18 ጉንጯን ልትነኪ እስክትደርሺ ተጠግተሽ አንሻት። ከዚያ 2 ሜትር ራቂና በ55 አንሻት። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጊና ጆሮዋን ፈልጊ። በመጀመሪያው ጆሮዋ ከጉንጯ ኋላ ተሸሽጓል። በሁለተኛው ተመልሶ መጥቷል። እኔ ሰው ሳስተምር የምጀምረው ከዚህች ጆሮ ነው፤ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳትም።

በስልክ ለምታነሱም ይኸው ነው። ዋናው የስልክ ካሜራ ሰፊ ስለሆነ ፊት ፍሬሙን እንዲሞላ ስትሉ ትጠጋላችሁ። 2 ወይም 3 እጥፍ የሚለውን ነክታችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሰርግ ነው የማነሳው፣ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ይዣለሁ። 85 በ1.8 ነው ወይስ በ1.4 የሚሻለው? የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

መልስ፦ 1.8ቱን ያዝ። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አንድ ስቶፕ (ብርሃን እጥፍ የሚሆንበት ልክ) እንኳ አይሞላም። ደግሞ በ85፣ በ1.4፣ ከ1 ሜትር ተኩል ላይ ስታነሳ ፎከስ የሚይዝልህ ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሙሽራዋ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ከፎከስ ትወጣለች።

አንድ ጊዜ 1.4 ተውሼ አንዲት ሙሽራ መስኮት አጠገብ አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ በጣም አምሮ ነበር። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው የቅርቡ ዓይኗ ሽፋሽፍት አንድ ባንድ ይቆጠራል፤ የሩቁ ዓይኗ ግን ደብዝዟል። የጆሮ ጌጧ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ጠዋት "የእናቴ ነው" ብላ በእጇ ይዛ ያሳየችኝ ጌጥ ነበር። ያ ፎቶ የተነሳው ለዚያ ጌጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ አንድ ሰው ሳነሳ 2.8 አካባቢ፣ ሙሽሮቹን አብሬ ሳነሳ 4፣ ሚዜዎቹ ሲደረደሩ ደግሞ 5.6 ነው የምጠቀመው።

ክብደቱንም አስብ። የካኖኑ 85 1.8 በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ያለ ሌንስ ነው፣ 425 ግራም። የሶኒው 371፣ የኒኮኑ 350 ግራም። ሰርግ ከጠዋት ቤተሰብ ቤት ተጀምሮ ማታ አዳራሽ ነው የሚያልቀው፣ ትከሻህ ያውቀዋል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ኒኮን ዲ3500 አለኝ። አንድ ዘመዴ ከውጭ 50 1.8ዲ አመጣልኝ። ፎከስ አያደርግም። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አይዞህ። ያንተ ካሜራ ውስጥ ፎከስ የሚያዞር ሞተር የለም፣ ሌንሱም ላይ የለም። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በሙሉ እንዲህ ናቸው። ከዲ7000 ጀምሮ ያሉት ግን ሞተሩ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ውስጥ ስላላቸው ይሠራላቸዋል። ላንተ የሚሆነው ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት ነው። እስከዚያው ቀለበቱን በእጅህ አዙረህ አንሳ፤ ፎከስ ሲይዝ ቪውፋይንደሩ (ዓይንህን አስጠግተህ የምታይበት) ውስጥ ከታች በኩል አረንጓዴ ነጥብ ይበራልሃል። ከውጭ ለምታስመጡ ሁሉ፦ ለዘመድ "50 ሚሜ አምጣልኝ" ብላችሁ ብቻ አትላኩት። የካሜራችሁን ስምና የሌንሱን ሙሉ ስም ከነፊደሉ ጽፋችሁ ላኩት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለጥምቀት ጃንሜዳ ልወርድ ነው፣ የሰው ፊት ማንሳት እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ 70-200 2.8 ላውስህ ብሎኛል። ወይስ በ35ዬ ልሂድ?

መልስ፦ 70-200 ግሩም ሌንስ ነው፣ ግን 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፣ ጥር 11 ቀን ደግሞ ረጅም ቀን ነው። ሌላም አለ። 10 ሜትር ርቀህ ስትቆም በመካከላችሁ ሰው ያልፋል፣ ጃንጥላ ይገባል፣ የተነሳው ሰውም አያውቅህም። በ35 ከሄድክ ግን መቅረብ ግድ ይሆንብሃል። ትቀርባለህ፣ "እንኳን አደረሰዎ" ትላለህ፣ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፊት ሌላ ነው። በ35 ፊቱን ብቻ ፍሬሙ ውስጥ አትሙላው፣ ከወገብ በላይ አንሳው፤ ከኋላ ያለው ሕዝብም ይግባ። አንድ ብቻ ያዝ ካልከኝ ለጃንሜዳ 35ህን እመርጣለሁ። አቧራ ስላለ ሌንስ እዚያው አትቀያይር።

ከሌንሱ ይልቅ የሚያስቸግርህ ነጩ ልብስ ነው። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ ሲሞላው "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ መለኪያውን ስፖት (አንድ ነጥብ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርገህ ፊቱን ለካ፣ ወይም ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) የስቶፕ ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ አድርግ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጠላውን አስፍተህ እየው። የፈትሉ መስመር ካልታየህ አብዝተሃል፣ ትንሽ ቀንስ። በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ማንሳት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምህ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለፊት ደግ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። ቀጭን ቀይ ጃንጥላ ሥር ያለ ሰው ፊቱም እንደሚቀላ አትርሳ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች። ቡና ስታፈላ ማንሳት እፈልጋለሁ። አፓርታማዬ ጠባብ ነው፣ ካሜራዬ ሶኒ ኤ6400። ሁሉም 85 ግዢ ይሉኛል።

መልስ፦ 85 አትግዢ እህቴ። ባንቺ ካሜራ 127 ያህል ይሆንና ኩሽናው ውስጥ ሆነሽ ሳሎን ያለችውን እናትሽን ልታነሺ ነው። 35 1.8 ይበቃሻል። ባንቺ ካሜራ ላይ 50 ያህል ነው፤ እናትሽም፣ ረከቦቱም፣ ጀበናውም አብረው ይገባሉ። ይህ ፎቶ ያለ ሲኒው ሙሉ አይሆንም።

እናትሽ መስኮቱ በጎኗ እንዲሆን ትቀመጥ። የጣሪያውን መብራት አጥፊ፤ ቢጫው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ፊት ላይ ሁለት ቀለም ይወጣል። አንቺም ወለሉ ላይ ቁጭ በይ፣ ካሜራሽ ከዓይኗ ትይዩ ይሁን። ቆመሽ ቁልቁል ካነሳሻት የሚወጣልሽ አናቷ ነው። አፐርቸር 2.8፣ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከሰከንድ 200ኛ እንዳይረዝም፤ ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀሳቀሳል። የዕጣኑ ጭስ ደምቆ እንዲታይ ከፈለግሽ መስኮቱ ከጭሱ ኋላ መሆን አለበት። የፊት ለፊት ብርሃን ጭስ ያጠፋል። ፎከሱን ለካሜራው የቀረበው ዓይኗ ላይ አድርጊ። ደግሞ ቶሎ አትጨርሺ። እስከ በረካ ቆዪ። በአቦል ጊዜ ካሜራውን እያየች ትቀመጣለች፣ በሦስተኛው ረስታዋለች።

ጥያቄ (ብዙ ሰው)፦ ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ የስልክህን መብራት አብርተህ በአንዱ ጫፍ አስገባ፣ በሌላው ጫፍ ተመልከት። አቧራ ጣጣ የለውም፣ ሁሉም ሌንስ ላይ አለ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ ግን ሻጋታ ነው፣ ተወው። እኔ በክረምት ወር አንድ 85 ከግለሰብ ስገዛ ካፌ ውስጥ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ከላይ ከላይ አይቼ ነው የተቀበልኩት። ቤት ሳየው ክሩ ከመሃል ተነስቶ እስከ ዳር ደርሷል። ሻጩ ስልኩን አላነሳም። ስለዚህ ቀን፣ መስኮት ያለበት ቦታ ተገናኙ፣ የራስህን ካሜራ ይዘህ ሂድ። ከዚያ የአፐርቸሩን ምላጮች ዘይት እንዳልነካቸው እይ። ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ ደጋግመህ አስኪደው፣ የሚያንቋርር ከሆነ ሞተሩ እየደከመ ነው። ትንሽ የፊት መስታወት ጭረት አያስፈራህ፤ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆንሃል። ገዝተህ ስታበቃም ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ አታስቀምጠው። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለው በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የታወቁ ፖርትሬቶች የሚነሱት በምን ሌንስ ነው? ውድ ካልሆነ አይሆንም?

መልስ፦ አንዱን ልንገርህ። ፎቶ አንሺው ስቲቭ ማከሪ በፈረንጆቹ 1984 ፓኪስታን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ያነሳት አረንጓዴ ዓይን ያላት አፍጋናዊት ልጅ በናሽናል ጂኦግራፊክ የሰኔ 1985 እትም ሽፋን ላይ ወጣች። ሌንሱ የኒኮን 105 ነበር፣ አፐርቸሩ 2.5። 1.4 አይደለም፣ ራሱ ፎከስ የሚያደርግም አይደለም። ያን ሌንስ ዛሬም ያገለገለ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። አዲስ ቦዲ ወይስ ሌንስ?

መልስ፦ ሌንስ። ቦዲ ቶሎ ያረጃል፣ ሌንስ ይቆያል። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ዛሬም በአዳፕተር አዲሶቹ ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ላይ ከነፎከሳቸው ይሠራሉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልጄ፣ 64 ዓመቴ ነው። ልጄ ከካናዳ ሚረርለስ ካሜራ ከ24-105 ሌንስ ጋር አመጣልኝ፣ አፐርቸሩ 4 ነው። የልጅ ልጆቼን ለማንሳት ሌላ ሌንስ ያስፈልገኛል? ፎከሱም በደንብ አይታየኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ሌንሱን ወደ 85 ወይም 105 ይሳቡት፣ አፐርቸሩን 4 ላይ ያድርጉት፣ ከልጆቹ 2 ሜትር ያህል ይራቁ። ከኋላ ያለው ይለሰልስልዎታል፣ ፊታቸውም እንዳለ ይወጣል። ሜኑ ውስጥ ገብተው ዓይን የሚከተለውን ፎከስ ያብሩት፣ ካሜራው ራሱ የልጁን ዓይን ይይዝልዎታል። ልጆቹ የሚሮጡ ከሆነ ሹተሩ 500ኛ ሰከንድ ይሁን። የማይታይዎት ነገር ደግሞ ምናልባት ከካሜራው ላይሆን ይችላል። ቪውፋይንደሩ ጎን ላይ አንድ ትንሽ ጎማ መሳይ ማዞሪያ አለች። በውስጡ የሚታየው ጽሑፍ ቁልጭ እስኪልዎት ድረስ ቀስ እያደረጉ ያዙሯት።