የምክር አምድ፦ ስኬትቦርዴ ተሰበረ፣ ሥራውን ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልዎ። ዕድሜዬ 24 ነው። አባቴ አናጢ ነው፤ እኔም ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ማታ ማታ ከሱ ጋር አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራሁ ነው ያደግሁት። ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደግሞ የኔታ ብራና ላይ ሐረግ ሲስሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቀለም አቀብል ነበር። እጄ የተፍታታው እዚያ ነው። አሁን የምተዳደረው ታፔላና የባጃጅ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። በስልኬ ቪዲዮም እቀርፃለሁ።

ስኬትቦርድ፣ ማለትም ቆመው የሚንሸራተቱበት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ፣ የጀመርኩት የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ይዞ ሲመጣ ነው። ልጅ እያለን የኩሽኔታ ጋሪ ሠርተን ቁልቁለት እንወርድ ስለነበር ብዙም አልከበደኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር አይታየኝም። እንጨቱም፣ ስዕሉም፣ ቪዲዮውም የሚገናኙበት ሥራ ይሄ ነው ብዬ ስኬትቦርድ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ልከፍት አሰብኩ። ስሙንም «መንቆረር» ብዬዋለሁ፣ በከተማችን የጥንት ስም።

ከአንድ ወጥ የዋንዛ ጣውላ ሳንቃ ጠረብኩ፣ ከሥሩ መልአክ ሣልኩበት፣ የአሮጌውን እግርና ጎማ ገጠምኩለት። ሲያዩት ያምራል። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ዘሎ ሲያርፍበት ከብሎኖቹ ጀምሮ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ አሥር ቀን መሬት አልረገጠም። እናቱ እስከ ዛሬ ቀና ብላ አታየኝም። አያቴ «መልአክ እግር ሥር ታደርጋለህ?» ብላ አለቀሰች። አባቴ ደግሞ «የልጅ ጨዋታ ነው፣ እንጨት አታባክንብኝ» አለኝ።

እቁብ ወጥቶልኝ 60,000 ብር እጄ ላይ አለ። ታፔላውን ትቼ ሙሉ በሙሉ ልግባበት ወይስ ልርሳው?

ልጅዎ፣ ከመንቆረር

መልስ

ወንድማለም፣ አትርሳው። ታፔላውንም አትተው።

መጀመሪያ ግን ጓደኛህ ቤት ሂድ። እናቱ ፊት ቀርበህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ለሕክምና ያወጡት ካለ ከእቁቡ ላይ ክፈል። ነገ ሳንቃህን የሚገዙት የእነዚህ እናቶች ልጆች ናቸው።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ስዕሉና ስለ ስሙ ስትጽፍ ደስታህ ይታያል፣ ስለ እንጨቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። እንጨቱንም ስዕሉንም ቪዲዮውንም እንደምትወድ ይገባኛል፤ ሰው የሚቆመው ግን እንጨቱ ላይ ነው። ስለዚህ ስዕሉም ቪዲዮውም ከእንጨቱ ኋላ ይሰለፉ።

ዋንዛውን አትውቀሰው። አንድ ወጥ ጣውላ ጅማቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ ብሎን በስተህበት ሰው ሲዘልበት በዚያው በጅማቱ ይሰነጠቃል። ገበያ ላይ ያለው ሳንቃ ግን ብዙውን ጊዜ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት ሰባት ስስ ንጣፎች ተጣብቀው የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኞቹ በቁመት ሲነጠፉ አንድ ሁለቱ በወርድ ይገባሉ፣ እና አንዱ ልሰንጠቅ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ኮላ ተቀብቶ በሻጋታ፣ ማለትም ቅርጽ በሚያስይዘው መጭመቂያ፣ ይጨመቃል፤ ጎንና ጎኑ ቀና የሚለው፣ ጫፍና ጫፉም የሚነሣው በዚያ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ሜፕል በብዛት ከሰሜን አሜሪካ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ፍለጋ አላሰድድህም። ስስና ጠንካራ ፕላይውድ ገዝተህ እየደራረብክ ሞክር፣ አንዱን በቁመት አንዱን በወርድ። ለዝላይ አትሥራ፤ ረዘም ያለ፣ መንገድ ላይ ለመንሸራተት ብቻ የሚሆን ይሁን። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደግሞ እንዳትሸጣቸው። ጫፍና ጫፋቸውን ብሎኬት ላይ አስቀምጠህ አሸዋ የሞላ ጆንያ እየደራረብክባቸው ስበራቸው፣ ስንት ሲጫን የት ጋ እንደተሰነጠቀ ደብተር ላይ ጻፍ። አውቃለሁ፣ የራስን ሥራ መስበር ያማል። የጓደኛህ ቁርጭምጭሚት ግን ይበልጣል።

ጎማው ላይም አንድ ነገር ልበልህ። ከ50 እስከ 54 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጠንካራ ጎማ ለለስላሳ ሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ኮብልስቶንና ሸካራ አስፋልት ላይ ጥርስህን ያንቀጫቅጨዋል፣ ትንሽ ጠጠር ላይም ቀጥ ብሎ ይጥልሃል። አንተ የምትፈልገው 60 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ 78ኤ የሚል (የጎማው ጥንካሬ መለኪያ ነው) ለስላሳ ጎማ ነው። ኩሽኔታው 608 የሚባለው ነው፣ ለአንድ ቦርድ ስምንት ይገባል። ለሌላ ማሽንም ስለሚያገለግል መለዋወጫ ቤት ጠይቅ። ጎማውንና የብረቱን አክስል (እግሩን) ግን ለጊዜው ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምነህ ሦስት አራት ስብስብ አስይዝ። መንገድ ሲዘጋጋ ዕቃ ስለሚዘገይ በቀን ቀጠሮ ለማንም ቃል አትግባ።

በስዕሉ ነገር ከአያትህ ጋር ነኝ። መልአክና መስቀል ከእግር ሥር አይገባም፣ እኛ አገር ደግሞ ይህን ማንም አያልፍልህም። ሐረጉስ? ሐረግም ቢሆን ከብራና ላይ እንዳለ አትገልብጠው፤ የኔታን ጠይቀህ፣ ቢፈቅዱልህ የራስህን አበጅለት። የአዊ ፈረሰኞችን ለምን አትሥልም? ፈረስና ስኬትቦርድ እኮ ሁለቱም ሚዛን ነው። ቀለሙ በአጠቃቀም እንደሚፋቅ ግን ከአሁኑ ለገዢው ንገረው።

ቪዲዮውን ዛሬውኑ ጀምር። ኮላ ሲቀባ፣ ሲጨመቅ፣ ሲሰበር፣ እንደገና ሲሠራ ቅረፅ። ልጁን ብር ሰጥቶ ወደ አንተ የሚልክ ወላጅ ከዝላዩ ይልቅ ይሄንን ማየት ይፈልጋል።

ከ60,000ው 20,000 ብቻ አውጣ፣ ቀሪውን አትንካው። መሸጥ ልትጀምር ስትል ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር አውጣ።

የቀሩት አባትህ ናቸው። ስኬትቦርድ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሆኖ ገብቷል፣ የ13 ዓመት ጃፓናዊት ልጅ ወርቅ ወስዳበታለች፤ ይሄንን ንገራቸው። ግን በወሬ የሚረቱ አይመስለኝም። የተሰነጠቀውን ዋንዛ ይዘህላቸው ግባ፣ የተከፈለበትን ጅማት በጣትህ አሳያቸው፣ «አባዬ፣ ሰባት ንጣፍ እኩል የሚጨምቅ ሻጋታ እንዴት ይሠራል?» በላቸው። ከዚያ ዝም ብለህ ሞርሳውን አቀብል።