«ያወፈረኝ ሆርሞኑ ይሆን?» ለሲስተር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰፈራችን ሰዎች ስለ ሆርሞን መድኃኒትና ስለ ኪሎ የጠየቁኝን፣ የማንንም ስም ሳልጠራ እዚህ እመልሳለሁ። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው። መድኃኒት መጀመርና ማቆም ግን ከሚያክማችሁ ባለሙያ ጋር የሚወሰን ነው።

ሲስተር፣ የሦስት ወሩን መርፌ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልብሴ ሁሉ ጠበበኝ። ባለቤቴ «መርፌው ነው» ይላል፣ እናቴ «ተመችቶሽ ነው» ትላለች። እውነቱ የማን ነው?

ባለቤትሽ ይሻላል። «ወሊድ መቆጣጠሪያ ያወፍራል» የሚባለው ወሬ አብዛኛው የተጋነነ ቢሆንም ዲፖ ላይ፣ ማለትም አንቺ የምትወጊው የሦስት ወሩ መርፌ ላይ፣ ግን እውነት አለው። መድኃኒቱ ይዞት የሚመጣው መግለጫ ራሱ ተጠቃሚዎች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 2.5 ኪሎ፣ በሁለት ዓመት ደግሞ 3.7 ኪሎ ገደማ መጨመራቸውን ይናገራል። አማካይ ነው እንግዲህ፤ አንዷ ንቅንቅ አትልም፣ ሌላዋ ሰባት ስምንት ኪሎ ትጨምራለች። የሚጨምረውም በአብዛኛው ስብ እንጂ ውኃ አይደለም።

እናትሽንም አልጥላት። እዚህ ከገባን ወዲህ በእግር እንሄድበት የነበረውን ሁሉ በባጃጅ ነው የምንሄደው፤ ሻዩም ስኳሩ አልቀነሰም። መርፌ ያልተወጋችውም ጎረቤትሽ በዓመት ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ነው።

እኔ የምጠይቅሽ ስትጀምሪ ስንት ኪሎ እንደነበርሽ ነው። ካርድሽ ላይ ካለ አስፈልጊው። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረች ሴት ከዚያም በኋላ መጨመሯን የመቀጠል ዕድሏ ሰፊ ነው። 60 ኪሎ ሆነሽ ከጀመርሽ 3 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካለፍሽ «ሰውነቴ ይለምደዋል» እያልሽ ዓመት አትጨምሪ፤ መጥተሽ ሌላ ዘዴ እንምረጥ።

እሺ ልተወው። ግን ከሰውነቴ ቶሎ አጥቦ የሚያወጣልኝ ነገር የለም? አብሽ ይሉኛል።

የለም። አብሽም፣ ሎሚ በሙቅ ውኃም አያወጣውም። አንዴ የተወጋ መርፌ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚያልቀው። ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ትጠብቃለች። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ «10 ወር ነፃ ነኝ» እንዳትሉ! ቀጠሮዋ ባለፈ በጥቂት ጊዜ የምታረግዝም አለች። አዲሱን ዘዴ የመርፌው ቀን ሳያልፍ ጀምሪ።

ታዲያ የማያወፍረው የትኛው ነው?

ሉፕ፣ መዳቡ ያለበት። ሆርሞን የሚባል ነገር የለውም፤ ኪሎሽን አይነካም፣ 10 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፣ ይህንንም አውቀሽ ግቢበት። በክንድ የሚቀበረው፣ ባለ አንድ ዘንጉ፣ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከአንድ ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ጭማሪ ታይቶበታል። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን ይህ ነው የሚባል የክብደት ለውጥ አልተገኘም።

ልጄ፣ እኔ መድኃኒት አልወስድም። አደፍ ካቆመኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እግሬ ቀጥኖ ሆዴ ብቻ ወጣ። ምን መጣብኝ?

እትዬ፣ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ጡንቻም ከዕድሜ ጋር ስለሚሳሳ ነው እግርዎ የቀጠነው። አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረዱን አይጥሉት፣ ጉልበትዎ ከቻለ። ደም ግፊትና ስኳርዎን ግን ይለኩ፤ የሆድ ስብ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ደግሞ ጠብታ ብትሆንም ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ሆድዎ እየተነፋ ከሄደ ወይም ትንሽ በልተው ቶሎ የሚጠግቡ ከሆነም ይንገሩኝ፤ እሱ ስብ ላይሆን ይችላል።

እንቅርቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሌቮታይሮክሲን፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ምትኩን ኪኒን፣ እወስዳለሁ። ኪሎዬ ግን አልወርድ አለኝ። በራሴ አንድ ኪኒን ብጨምርስ?

እንዳታደርጊው። ከልክ ሲያልፍ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ይልቅ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ። ከቡና ጋር ነው? ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመሽ ውሰጂ። የደም ማነስ ብረትና የካልሲየም ኪኒን ከሱ በ4 ሰዓት ይራቁ። በጾም ከተቸገርሽ ማታ እራት ከበላሽ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተሽ መውሰድም ይቻላል፤ ከሐኪምሽ ጋር ተስማምተሽ፣ አንዱን መርጠሽ ጽኚ። መጠን ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተሽ ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ ትመረመሪያለሽ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር። የታይሮይድ ማነስ የሚያመጣው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4.5 ኪሎ ቢሆን ነው፣ እሱም በአብዛኛው ጨውና ውኃ። ምርመራሽ ተስተካክሎ 15 ኪሎ ትርፍ ከቀረ፣ ያንን ኪኒኑ አያወርደውም።

ሠርጌ ደርሷል፤ ቀጭን ነሽ እያሉ አስጨነቁኝ። ጎረቤቴ የማወፈሪያ ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ስም የለውም። ልውሰደው?

አትውሰጂው! ስም የሌለውን ኪኒን አምጥታችሁ ስታሳዩኝ ነው በጣም የምናደደው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ዴክሳ ሊሆን ይችላል። ዴክሳሜታዞን ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለከባድ በሽታ የሚታዘዝ ሆርሞን ነው። ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋል፣ ማጅራት ላይ ስብ ይቆለላል፣ ሆድ ይወጣል፤ ክንድና ጭን ግን ይመነምናሉ፣ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ ሸንተረር ይወጣል። ስኳርና ግፊት ከፍ ይላል። ይህንን ነው «አማረባት» የሚሉት።

ሳምንታት ወስደሽው ከሆነ ግን በድንገት አታቋርጪ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ትተው ይሆናል፤ ሲቋረጥባቸው ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ራስ እስከ መሳት ይደርሳል። ኪኒኑን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቀስ እያለ ይቀንስልሻል። ያለ ምክንያት የቀጠንሽ ከሆነም ሰገራ፣ ሳንባና ታይሮይድ ይታይልሽ።

አባቴ ለፕሮስቴት ካንሰር ጥቁር አንበሳ ይታከማሉ። መርፌው ከተጀመረላቸው ወዲህ ሆዳቸው ወጣ፣ ክንዳቸው ግን ሟሟ። በሽታው ነው?

መርፌው ሊሆን ይችላል፣ ግን ለሐኪማቸው ንገር። መርፌው ካንሰሩ የሚመገበውን ቴስቶስትሮን የሚባል የወንድ ሆርሞን ስለሚያጠፋ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ስብ ይጨምራል፤ ላብ ላብ ማለትና ሙቀትም ያመጣል። እንዳያቋርጡ። በየቀኑ ይራመዱ፣ ከቻሉ ቀለል ያለ ነገር እያነሱ ክንዳቸውን ያሠሩ። ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል አይጉደልባቸው። የስኳርና የአጥንት ክትትላቸውን ጠይቅላቸው።

ታክሲ ተራው ጋ ልጁ በሚመዝንበት ሚዛን 68፣ ጤና ጣቢያ 65 መጣልኝ። የቱን ልመን?

ልጁ ሚዛኑን ኮብልስቶን ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ አንዱ ጎን ከፍ ብሎ። አንቺም ጫማሽንና ቦርሳሽን አላወረድሽም። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ያለ ጫማ ተመዘኚ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ስለሚጨምር ያን ሳምንት ዝለዪው። መርፌ ለመወጋት ስትመጪ ቁጥሩንና ቀኑን ካርድሽ ላይ አስጽፊ፤ ሰልፍ በዝቶ እኛ ከዘነጋን አንቺ አስታውሺን።