ስለ አጎቴ ለልጄ ልንገራት?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ተይዞ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ፎቶግራፉ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጄ ስለ እሱ በጠየቀች ቁጥር እናቴ «ተይኝ እስቲ» ብላ ትነሳለች። እኔም ሐዘናችን እንዳይተርፋት ፈርቼ ዝም ብያለሁ። ልንገራት ወይስ ይቅር? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይንገሯት፤ ሲነግሯት ግን ከአሟሟቱ ሳይሆን ከአኗኗሩ ይጀምሩ። የት እንደተማረ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከእናትዎ ጋር በምን ይጣሉ እንደነበር አስቀድማ ከሰማች የሞቱ ነገር በቦታው ይገባል። ልጅዎ የአያቷን ፊት መለዋወጥ ስለምታስተውል ሐዘን መኖሩን ቀድሞውንም አውቃለች፤ ያልተነገራት ምክንያቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ያልተነገረውን በራሱ ግምት፣ አንዳንዴም ከእውነቱ በከፋ ግምት ይሞላዋል።

በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሆኑት ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ ልጆች የቤተሰባቸውን ታሪክ ምን ያህል እንደሚያውቁ በ20 ጥያቄዎች መርምረዋል፤ ወላጆችህ እንዴት እንደተገናኙ፣ ስምህ ከየት እንደመጣ፣ አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ የሚሉ ዓይነት ናቸው። ብዙውን የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ፣ ሕይወታቸውን ራሳቸው መምራት እንደሚችሉ የሚያምኑ፣ ጭንቀታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንዳስገነዘቡት ግን መልሱን ማስጠናት ብቻውን ልጅን አያጸናም፤ ማወቁ በቤቱ ተቀምጦ የመጫወት ልማድ መኖሩን ያመለክታል። እኛም ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር የአያት ቅድመ አያቱን ስም አንስተውም፤ ሰውዬው እንዴት እንደኖረ ግን ለልጆቻችን የምንነግረው ጥቂት ነው።

ዱክ ለልጅ ይበልጥ ይጠቅማል የሚሉት መውደቅንም መነሣትንም የያዘ ታሪክ ነው። ስለዚህ «ጀግና ነበር» ብለው አይለፉት፤ «ቤታችን ያኔ ፈረሰ» ብለውም አያቁሙ። አያቷ ወንድማቸውን ካጡ በኋላ ምን ሠርተው ቤቱን እንዳቆሙ፣ ማን እንደደረሰላቸው፣ የትኛው ጎረቤት በሩን እንደዘጋባቸው ጭምር ትስማ፤ ለእሷ ስንቅ የሚሆናት ይህኛው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመው ግን እናትዎን ለብቻቸው ያስፈቅዱ። መናገር ካልፈለጉ አያስገድዷቸው፤ እርስዎ የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩ፣ የማያውቁትንም አላውቀውም ይበሉ። ቡና ተፈልቶ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ድንገት ከማንሣት ሁለታችሁ ሥራ እየሠራችሁ ቢጀምሩት ይቀላል። በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ ልጅዎ ታቋርጥዎ፣ ትጠይቅ፣ ከፈለገችም ትቆጣ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች ወይም ከትምህርቷ ከራቀች በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለሙያ ማማከር ይችላሉ፤ ለእናትዎም እንዲሁ።