አባትሽን መጀመሪያ ወደ ወንዙ ይዘሻቸው ውረጂ

እህታችን፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። አባትሽ ልጅነታቸውን መልካ አዋሽ ነው ያሳለፉት፤ ከወጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። «አሁን እዚያች ትንሽ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ? ወስጃቸው ቅር ቢላቸውስ?» ነው ያልሽው።

እኔ የምኖረው ዓለም ገና ነው። አያቴ መልካ አዋሽ ነበረች። ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን የማሳልፈው እሷ ጋ ነበር። አምና ደግሞ እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መንገዱ አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ መታጠፍ ነው፣ የቡታጅራ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። የአዋሽን ድልድይ ስታዪ ደርሰሻል።

ከተማዋን ግን እሳቸው እንደሚያወሯት አትጠብቂያት። የአያቴ ቤት ከነበረበት ላይ የብሎኬት ቤት ቆሟል። እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ግራ ቀኝ አየችና «እዚህ አይደለም» አለች። ሆዴ ተላወሰ። ምነው ባላመጣኋት አልኩ።

ወደ ወንዙ ስንወርድ ነው ነገሩ የተለወጠው። ድንጋዮቹን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። «እዚህ ጋ ነው በእንዶድ የምናጥበው። ከብት የሚጠጣው እዚያ ማዶ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅ አይሄድም፣ ጥልቅ ነው» እያለች በጣቷ ታሳየኝ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገረችኝን በአንድ ሰዓት ነገረችኝ። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት አይደል? ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ወንዝ ነው። አባትሽም ቤታቸውን ቢያጡ መሻገሪያውን አያጡትም ብዬ አምናለሁ።

የመልካ ቁንጡሬን ሙዚየም ከወንዙ በኋላ አድርጊው። የጎጆ ቅርጽ ባላቸው ቤቶች ነው የተሠራው፣ ትንሽ ነው፣ ግን እንዳታልፊው። የጥንት ሰዎች መሣሪያ ያለበትን ቦታ አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ በ1963 እ.ኤ.አ. ነው ያገኘው። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ሲቆፍሩበት ኖረዋል። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት የሚባሉት የቁፋሮ ቦታዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ባልጩት የሚባለውን ድንጋይ አባትሽ ያውቁታል። ያ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። ልጅ ሆኜ እግሬን ቆርጦኝ አያቴ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ነስንሳ በጨርቅ አስራልኛለች። ጠባሳው አሁንም አለ። አምና ሙዚየሙ ውስጥ በዚያው ድንጋይ የተሠሩ መሣሪያዎችን አየሁ። የጥንት ሰዎች የመረጡት ለዚያ ስለቱ ነው። በዚህ ወንዝ ዳር ሰው መሣሪያ መሥራት ከጀመረ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ደግሞ ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ላይ የተገኘው የእግር ዱካ ነው። 700 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ የሕፃናትም ዱካ አለበት። ከትልቅ ሰው ጋር ውሃ ዳር የወረዱ ልጆች ማለት ነው። ይህን ስሰማ እናቴን ዞር ብዬ አየኋት።

አዳዲ ማርያም ቅርብ ናት፣ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ነች። የትክል ድንጋዮቹ ቦታ ጢያም በዚያው መንገድ ወደ ፊት ነው። ግን በአንድ ቀን ሁሉንም አታጨናንቂባቸው። ትልቅ ሰው ይደክመዋል፣ ደግሞም ቀኑ የእሳቸው ነው።

በክረምት አትሂጂ። አዋሽ ይደፈርሳል፣ ይሞላል፣ ዳሩም ያዳልጣል። ጥቅምት ወይም ኅዳር ጥሩ ነው፤ ውሃው ይጎድላል፣ መሬቱም ይጠነክራል። ከዘራ ካላቸው ይያዙ፣ አንቺም የምትታጠፍ ወንበር ያዢላቸው። ወንዙ ዳር ብዙ መቀመጥ ይፈልጋሉና አታጣድፊያቸው።

ስልክሽንም በደንብ ቻርጅ አድርገሽ ሂጂና ሲያወሩ ቅጂያቸው። እኔ አልቀዳሁም። እናቴ የዚያን ቀን ከጠራቻቸው ሰዎች የግማሾቹ ስም ጠፍቶኛል።